ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት የጎንደር ቁልቁለት ላይ ለምን አልቆም ይላል?

ባሕር ዳር ላይ ዓመታት ያለ ችግር የተነዳ ብስክሌት ጎንደር በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ጉዱ ይወጣል። ሐይቁ ዳር መንገዱ ሜዳ ነው፤ ፍሬን የሚያዘው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፣ እሱም ለአፍታ። ጎንደር ግን ከጎሃ ወደ ከተማው፣ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ከቁስቋም ወደ ታች፣ የትም ቢኬድ መሄጃው ዳገት ከሆነ መመለሻው ቁልቁለት ነው። እስከ ኮሶዬ ወጥቶ የሚመለስ ሰውማ ጣቱን ከፍሬን እጀታው ላይ የሚያነሣበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዛሬ “የተራራ” ተብለው በየሱቁ ደጃፍ ከሚደረደሩት ብስክሌቶች ብዙዎቹ ዲስክ ፍሬን አላቸው። ገዢው ዲስኩን ያይና “ይሄስ ይይዛል” ብሎ ይወስደዋል። የዲስክ መኖር ብቻውን ግን ብስክሌት አያቆምም። በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ተራ ፍሬን በወጉ ከተስተካከለ፣ ሸራው (ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨብጠው ማያዣ) ዘይት ከጠጣ ዲስክ ፍሬን ይበልጣል። ደግሞ ፍሬኑ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሙሉ ፍሬኑን አስቀይሮ መገላገልን ነው። ይህ በአብዛኛው ያላግባብ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የጠፋው ኃይል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሸራውና በዲስኩ መካከል፣ ወይም በካቦው ውስጥ ነው፤ የሚመለሰውም በአልኮል፣ በብርጭቆ ወረቀትና በአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

በሽታውን መለየት

“ፍሬኑ አልይዝ አለ” የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ለመለየት ሜዳ ላይ ቆሞ የፊት ፍሬኑን አጥብቆ መጨበጥና ብስክሌቱን ወደፊት መግፋት ይበቃል። እጀታው ጠንክሮ፣ ከመሪው ርቆ ቆሞ ሳለ ጎማው ግን የሚሽከረከር ከሆነ፣ ኃይሉ ሸራው ድረስ እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ሸራውና ዲስኩ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። እጀታው እየለሰለሰ መሪውን ሊነካ የሚቃረብ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ካቦው ላልቷል፣ ሽፋኑ እየተጨመቀ ነው፣ ወይም ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ሦስተኛው ቆሞ በመግፋት አይታይም። ቁልቁለቱ ሲጀመር ደህና ይዞ፣ ከታች ሲደረስ የሚከዳ ፍሬን የሙቀት በሽታ ነው ያለበት። ይህ ሳይለይ ዕቃ መግዛት፣ የሕመሙ ዓይነት ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ሸራው ዘይት ሲጠጣ

ጠንካራ እጀታ ይዞ የማይቆም ብስክሌት፣ በተለይ ሲይዙት የሚያፏጭ ወይም እንደ ቀንደ መለከት የሚጮኽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይት ነው። የፍሬን ሸራ ሲታይ ድፍን ይምሰል እንጂ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጠብታ ዘይት ካገኘ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ የሚመጣው ከታወቁ ቦታዎች ነው። ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በብሩሽ መቀባት የተለመደ ነው፤ የተረፈው ጎማው ሲሽከረከር ይረጫል፣ ብስክሌቱ ሲታጠብም ከውኃው ጋር ወደ ዲስኩ ይወርዳል። ብስክሌትን በናፍጣ ማጠብም እንዲሁ ነው፤ ናፍጣ ቆሻሻውን ያነሣል፣ በምትኩ ግን የማይደርቅ ቅባት ይተዋል። ጎማ ለማሳመር የሚነፋው ስፕሬይና ቅባት የነካው ጣትም ይጨመሩበት።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው። ጎማው ይወልቃል፤ ሸራውን የያዘችው ትንሿ ሽቦ ወይም ብሎን ትወጣና ሁለቱ ሸራዎች ከመሃል ስፕሪንጋቸው ጋር ይሳባሉ። የትኛው በውስጥ፣ የትኛው በውጭ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዲስኩ በንጹሕ ነጭ ጨርቅና በአልኮል ይጠረጋል፤ ጨርቁ በእያንዳንዱ ዙር ይገለበጣል፣ ጥቁር ማንሣቱን እስኪያቆም ድረስ። ከፋርማሲ የሚገኘው ባለ 96 በመቶ አልኮል ጥሩ ነው፤ ባለ 70 በመቶውም ይሠራል፣ ውኃ ስላለበት ግን እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው የሚያሙለጨልጭ ጄል አይሆንም፤ ቆዳ እንዳያደርቅ የተጨመረበት ግሊሰሪን ዲስኩ ላይ ይቀራል። አልኮል ከሌለ ዲስኩን በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም በብዙ ንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይቻላል።

ለሸራው ደግሞ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ ይነጠፍና ሸራው በፊቱ ተደፍቶ በክብ ይፈገፈጋል። መጀመሪያ ላይ ገጹ እንደ መስታወት ያበራል፣ አንዳንዱ ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። የሚፈለገው ማብረቅረቁ ጠፍቶ ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ደብዘዝ ያለ መልክ እስኪይዝ ነው። ጠቁሮ እርጥብ የሚመስለው ቦታ ከተፈገፈገ በኋላም ተመልሶ ከታየ ዘይቱ እስከ ውስጥ ዘልቋል፤ ያ ሸራ ይጣላል። ሸራውን ከሰል ወይም ጋዝ ምድጃ ላይ አግሎ ዘይቱን “ማቃጠል” የሚመክሩ አሉ። አይመከርም። ላይ ላዩ ይደርቅና አንድ ሁለት ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ከውስጥ ያለው ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሁሉም የሚብሰው ግን ሸራውን ከብረቱ ጋር ያያዘው ሙጫ በእሳቱ ሊለቅ መቻሉ ነው። ቁልቁለት መሃል ከብረቱ ተላቆ የወደቀ ሸራ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም።

ዘይት የሌለበት፣ ግን በረጅም ቁልቁለት ቀስ ተብሎ ሲታሽ ኖሮ የጠነከረና ያንጸባረቀ ሸራም በዚሁ በብርጭቆ ወረቀት ይድናል።

በካቦ የሚሠራው ዲስክ ፍሬን

በርካሹ ብስክሌት ላይ ያለው ዲስክ ፍሬን በካቦ የሚሳብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው። የውጪው ሸራ ዲስኩን ይገፋዋል፣ ዲስኩ ይለመጥና በውስጥ በኩል ተተክሎ ከቆመው ሸራ ጋር ይጣበቃል። ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ የቆመውን ሸራ ሩቅ ያደርገዋል፤ እንዳይነካካ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ። ያን ጊዜ የጣት ጉልበት ግማሹ የሚያልቀው ዲስክ በመለመጥ ነው።

ማስተካከሉ ሲጀመር ካቦው ከያዘው ብሎን ይፈታል፤ በእጀታውና በካሊፐሩ (ሸራዎቹን በያዘው ቤት) ላይ ያሉት የካቦ ማስተካከያ ጥምዝምዞችም እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቀጥሎ ካሊፐሩን ከፎርኬላው (የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ) ጋር የያዙት ሁለት ብሎኖች ላላ ይደረጋሉ። የቆመው ሸራ በራጂዎቹ በኩል በሚገባ የአለን ቁልፍ፣ በብዙዎቹ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው የአንድ ቀጭን ካርድ ውፍረት ብቻ ነው፤ የሞባይል ካርድ ይዞት የሚመጣውን ወረቀት የሚያህል። ያ ወረቀት ሸራውና ዲስኩ መካከል ይገባል፣ የካሊፐሩ ክንድ በእጅ ተስቦ ዲስኩ ይያዛል፣ ከዚያም ሁለቱ ብሎኖች በየተራ ሩብ ሩብ ዙር እየተባለ ይጠብቃሉ። አንዱን መጀመሪያ ጨርሶ ማጥበቅ ካሊፐሩን ያዞረዋል። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ላለው ልኩ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ዲስኩ በነፃ መዞር አለበት። ለማየት ከካሊፐሩ ጀርባ ነጭ ወረቀት መያዝ ይጠቅማል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል።

አሁን ካቦው ይሳባል፣ ግን ክንዱ ከመነሻው ሳይነቃነቅ። ከታሰረ በኋላ እጀታው አሥር አሥራ አምስት ጊዜ በኃይል ይጨበጣል፤ አዲስ ካቦ በዚህ ይላላል፣ እንደገና ይሳባል። ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሸራው ሲበላ ሁሉም ካቦውን ብቻ ይስባል። ክንዱ በየጊዜው ከመነሻው እየራቀ ይሄድና አንድ ቀን ዙሩ ያልቃል፤ ሸራው ገና ግማሽ እያለ ፍሬኑ አይይዝም። ሸራው በተበላ ቁጥር መጠጋት ያለበት ሸራው ራሱ ነው እንጂ ካቦው አይደለም።

የካቦውን ሽፋን ብዙ ሰው አያየውም፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የፍሬን ሽፋን ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ብረት አለው። የማርሽ ሽፋን 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሽቦዎቹም በቁመት የተደረደሩ ናቸው። ለጊዜው ስለተገኘ ብቻ የማርሽ ሽፋን ለፍሬን ማድረግ አደገኛ ነው፤ በከፍተኛ ጭነት ሊፈነዳ ይችላል። ሽፋኑ ሲቆረጥ ጫፉ በሞረድ ቀጥ ብሎ መስተካከል አለበት፤ ያዘነበለ ጫፍ በተጨበጠ ቁጥር ይሸሻል፣ ጣት ላይም “ልስልስ” የሚል ስሜት ይሰጣል። ዝገት የያዘ፣ አንድ ክሩ የተበጠሰ ካቦ ይቀየራል። ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ይህ ነው፤ አዲስ ካቦና አዲስ ሽፋን በአሮጌ ካሊፐር ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የሞከረ ያውቀዋል።

ዘይት ያለው ፍሬን፣ የትኛው ዘይት?

በዘይት የሚሠሩት ፍሬኖች ላይ በከተማችን የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት የመኪና ፍሬን ዘይት መጨመር ነው። በየመለዋወጫ ሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የተባሉት የፍሬን ዓይነቶች ግን የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። ዶት ሲገባባቸው የውስጥ ጎሚኒዎቻቸው ያብጣሉ፤ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ይጣበቃል፣ እጀታው ተጨብጦ አይመለስም፣ ቀስ እያለም መፍሰስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዘይቱን ቀይሮ ማዳን ብዙ ጊዜ አይሆንም። በተቃራኒው ሆፕ በአብዛኛው ዶት የሚጠቀም ነው፤ የፎርሙላ የቀድሞ ሞዴሎችም ዶት ይጠቀማሉ፣ ኩራ የተባለው ሞዴሉ ግን ማዕድን ዘይት ነው። ስራም (SRAM) የተባለው ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዶት ሲጠቀም ቆይቶ በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎቹ ወደ ማዕድን ዘይት ዞሯል፤ ስለዚህ በስሙ ብቻ መገመት አይቻልም። በእጀታው ላይ ያለው የዘይት ቋት ክዳን ወይም ካሊፐሩ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ካልተነበበና ካልታወቀ ምንም አይጨመር።

እጀታው ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ የሚሆን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ የሚጠነክር ከሆነ ውስጡ አየር አለ። ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ብስክሌቱ በቅርቡ ተገልብጦ ነበር? ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲለጠፍ ብስክሌቱ በመሪውና በኮርቻው ላይ ይገለበጣል፤ ቋቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ አየር ያን ጊዜ ወደ ቱቦው ትገባለች። ብስክሌቱን አቁሞ፣ እጀታውን እየጨበጡ እየለቀቁ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ጎማ በወለቀበት ሰዓትም እጀታውን አለመጨበጥ፣ ለጥንቃቄ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ማስገባት ይገባል፤ አለዚያ ፒስተኖቹ ይጋጠሙና ዲስኩ አልገባ ይላል።

አየሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ በሺማኖ ዓይነቱ ላይ ሥራው ይህን ይመስላል። ጎማውና ሸራዎቹ ይወጣሉ፣ ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ይገፉና በመካከላቸው እንዳይመለሱ ፕላስቲክ ቁራጭ ይገባል። የእጀታው ቋት ከመሬት ጋር ትይዩ እንዲሆን ይዞርና ክዳኑ ላይ ማንቆርቆሪያ ይጠመዳል። ከታች ካሊፐሩ ላይ ዘይት የሞላ ሲሪንጅ በቱቦ ይገጠማል፤ 7 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚገባበት ማስተንፈሻ ሩብ ዙር ያህል ይከፈትና ዘይቱ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይገፋል። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚወጣ አቅጣጫው ይህ መሆኑ ዋና ነገር ነው። ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ የተጣበቁትን አረፋዎች ያስለቅቃል። አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ማስተንፈሻው ይዘጋል፤ እጀታው ተጨብጦ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ከፈት ዘጋ ይደረጋል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። መሪው ወደፊትና ወደኋላ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል እየተደረገ እጀታው ሲነቃነቅ የመጨረሻዎቹ አረፋዎች ወደ ማንቆርቆሪያው ይወጣሉ። በመጨረሻ ካሊፐሩ በሙሉ በአልኮል ካልተጠረገ የተንጠባጠበው ዘይት አዲሱን ሸራ ይመርዘዋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሙቀት፣ ሸራና የዲስክ ስፋት

ነጂውና ብስክሌቱ በአንድ ላይ 90 ኪሎ ከመዘኑ፣ 350 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 309 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ይህ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከደባርቅ በሊማሊሞ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወደ ሦስት ሊትር ማለት ነው። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፣ የቀረው በጠቅላላ የሚያልፈው እያንዳንዳቸው ከ100 እስከ 150 ግራም በሚመዝኑ ሁለት የብረት ሳህኖች ነው። ከኋላ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲጫን ሸክሙ በሁለት ሦስተኛ ይጨምራል። ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት የፈጠነ ብስክሌትን ማቆም ደግሞ አራት እጥፍ ነው።

ዶት ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው 155 ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መለወጥ ነው ያለበት። ማዕድን ዘይት ውኃ አይጠጣም፤ የገባ ውኃ ግን ከዘይቱ ስለሚከብድ ወርዶ የሚቀመጠው ካሊፐሩ ውስጥ ነው፣ እዚያ ሙቀቱ በሚበዛበት። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ እጀታው መሪው ድረስ ይሄዳል።

ሸራ ሲመረጥ ወቅቱ ይታሰብ። ሬዚን (በሙጫ የተያያዘ) ሸራ ገና ሳይሞቅ ይይዛል፣ ድምፅ የለውም፤ በክረምቱ ጭቃ ግን ቶሎ ያልቃል፣ በረጅም ቁልቁለትም ይጠነክራል። የብረት ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ሸራ ሙቀትና ጭቃ ይችላል፣ ይጮኻል፣ እስኪሞቅም ትንሽ ይዘገያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚነዳና ረጅም ለሚወርድ የብረቱ ይሻላል። ከመግዛት በፊት ግን ዲስኩ ይነበብ፤ “ሬዚን ፓድ ኦንሊ” የሚል ጽሑፍ ካለበት ብረቱ ለስላሳ ነውና የብረት ሸራ ይበላዋል። ሺማኖ ዲስክ አዲሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። ሸራው ደግሞ ከብረቱ በላይ ያለው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካነሰ፣ ገንዘብ የሚወጣበት ትክክለኛው ቦታ የፊት ዲስክ ነው። ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ማሳደግ በዚያው የጣት ጉልበት ወደ 12 በመቶ፣ ወደ 203 ማሳደግ ወደ 27 በመቶ ይጨምራል፤ ዲስኩም የበለጠ ብረት ስላለው ቀስ ብሎ ይሞቃል። የሚያስፈልገው ዲስኩ፣ ካሊፐሩን ወደ ውጪ የሚያወጣ ማገናኛና ረዘም ያሉ ብሎኖች ናቸው። ፎርኬላው የሚችለው ትልቁ ስፋት ግን መታወቅ አለበት፤ ርካሽ ፎርኬላ ለ203 አልተሠራም። ዲስኩን የያዙት ስድስት ብሎኖች በቲ 25 የኮከብ ቁልፍ ፊት ለፊት እየተዛወሩ ይጠብቃሉ እንጂ በዙሪያ በተርታ አይደለም። የፊት ጎማ ማሰሪያውም ይፈተሽ፤ ዲስክ ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማውን አክሰል ከመቀመጫው ወደ ታች ይገፋዋል።

አዲስ ሸራ ማለማመድ

አዲስ ወይም የተፈገፈገ ሸራ ገጥሞ በቀጥታ ወደ ጎሃ መውጣት ስሕተት ነው። ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን እስኪጥል ኃይሉ ግማሽ ነው። አዘዞ አካባቢ እንዳለው ባለ ሜዳ መንገድ ላይ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፈጥኖ፣ ጎማው ሳይቆለፍ አጥብቆ ይዞ፣ የእግር ጉዞ ፍጥነት ሲደርስ መልቀቅ፤ ይህ 20 ጊዜ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብሎ 10 ጊዜ። በመካከል ፈጽሞ መቆም አይገባም፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ቆሞ ከተጣበቀ አንድ ቦታ ላይ ወፍራም ምልክት ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ እየተንቀጠቀጠ ይይዛል። ለፊቱም ለኋላውም ለየብቻ።

የእጀታው አቀማመጥም ያለ ሳንቲም ኃይል ይጨምራል። እጀታው ወደ መሪው መሃል ገባ ቢደረግ ጠቋሚ ጣት ጫፉ ላይ ታርፋለች፤ ጫፉ ላይ የሚጫን ጣት ከመሃሉ ላይ ከሚጫኑ ሁለት ጣቶች ያላነሰ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ አጥብቆ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስና መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ፤ ቀኑን ሙሉ እያሹ መውረድ ዲስኩ የሚበርድበትን ጊዜ ይነፍገዋል። ከታች ሲደረስ በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አይደፋም፣ ይጣመማል።

ከመውረድ በፊት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም እጀታዎች በየተራ ተጨብጠው ብስክሌቱ ይገፋ። ከፊት ሲያዝ የኋላ ጎማው ከመሬት መነሣት አለበት፤ ከኋላ ሲያዝ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት። እጀታውን እስከ መጨረሻ ጨብጠው ከመሪው ጋር ቢያንስ አንድ ጣት የሚገባበት ክፍተት ካልቀረ፣ ብስክሌቱን በእጅ ይዞ በእግር መውረድ ነው።